ሁለት ባላ በአንድ ኮምፒዩተር

ሁለት የኢንተርኔት አቅራቢ መያዝ ለኢሉባቦር ነጋዴ የሚያዋጣው መቼ ነው?

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለነጋዴም ይሠራል። የኢሉባቦር ቡና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሁለት መውጫ ነበረው። አንደኛው በአዲስ አበባ በኩል አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጎሬ ቁልቁል ጋምቤላ ደርሶ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን የሚጓዘው ነበር። ለሁለተኛው መውጫ በር የከፈተው አጼ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ያደረጉት ውል ሲሆን፣ በውሉ መሠረት እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቅዶላቸዋል። ጎሬ በዘመኑ የምዕራቡ ንግድ ማዕከል ለመሆን የበቃችውም በአብዛኛው ለዚህ መውጫ ቅርብ በመሆኗ ነው።

በኢንተርኔት ረገድ ግን የአገሪቱ ነጋዴ ለረጅም ጊዜ የነበረው መውጫ አንድ ብቻ ነበር። አገልግሎቱ በኢትዮጵያ ከተጀመረበት ከ1989 ዓ.ም. አንሥቶ ለ25 ዓመታት ያህል አቅራቢው መንግሥታዊው የቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅት ሲሆን፣ እሱም በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ እንደ አዲስ ተዋቅሯል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ850 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር ፈቃድ አግኝቶ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን «ከማን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ «ከሁለቱም ብገዛስ?» ወደሚል ጥያቄ መሸጋገር ጀምሯል።

ሁለተኛው አቅራቢ በሚፈለገው ቦታ በደንብ መያዝ አለመያዙን ማወቅ ከባድ አይደለም። ሲም ካርዱን በስልክ ውስጥ አስገብቶ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በሥራ ቦታ መሞከር ይበቃል። ካልያዘም ትምህርቱ ከንቱ አይሆንም። የአንዱ አቅራቢ የገመድ መስመርና የሞባይል 4ጂ አገልግሎት እንደ ሁለት መስመር ሊያገለግሉ ይችላሉና።

ገንዘብ ወጥቶ ለውጥ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ለምሳሌ ያህል መቱ ከተማ ውስጥ ፎቁ ላይ የቡና አቅራቢነት ቢሮ፣ ምድር ቤቱ ላይ ደግሞ የእንግዳ ማረፊያና ሻይ ቤት ያለውን አንድ ነጋዴ እንውሰድ። ቢሮው 3 ኮምፒዩተሮችና 1 ማተሚያ አለው። ምድር ቤት የሚያርፉት የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሊጠይቁ የመጡ ወላጆች፣ ወደ ጋምቤላ የሚያልፉ መንገደኞችና ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል በሽተኛ ያመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ሁሉም በአንድ መስመር ይጠቀማሉ። ከቀትር በኋላ እንግዶች ቪዲዮ መመልከት ሲጀምሩ ፎቅ ላይ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ የባንኩን ገጽ መክፈት ያቅተዋል። አዲስ አበባ ያለው ላኪ የሚጠብቀው ሰነድም አይሄድለትም።

ነጋዴው ሁለተኛ መስመር ይገዛና ሁለቱንም እንደ ራውተር በሚሠራ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል። ለውጥ ግን የለም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ይብስበታል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ሁለተኛው መስመር ግን ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።

ምክንያቱን ለመረዳት በደሌን ማሰብ ይጠቅማል። ከመቱ በሁሩሙና በያዮ አልፎ በደሌ የደረሰ የጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ የሚወስዱት ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል፤ አንዱ በነቀምቴ፣ ሌላው በጅማ በኩል። በመስቀለኛው መንገድ ላይ የቆመው ተቆጣጣሪ ሾፌሩን የሚጠይቀው «ወዴት ትሄዳለህ?» የሚለውን ብቻ ነው እንበል። «አዲስ አበባ» ያለውን ሁሉ «በጅማ ሂድ» ብሎ ይሰዳል። የነቀምቴው መንገድ ጭር ብሎ ሳለ የጅማው ይጨናነቃል።

ኮምፒዩተርም በተለመደው አሠራሩ እንዲሁ ነው። የመረጃ ጥቅል ወይም ፓኬት ሲደርሰው የሚያየው መድረሻውን እንጂ መነሻውን አይደለም። በመንገድ ሰንጠረዡ ውስጥ «ሌላው ሁሉ በዚህ ይውጣ» የሚል ዲፎልት ጌትዌይ የሚባል መስመር አለ። ሁለት አቅራቢዎች ቢኖሩም ሥራ ላይ የሚውለው ቅድሚያ የተሰጠው አንዱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር የኬላ ችግር ነው። እያንዳንዱ አቅራቢ ለደንበኛው የራሱን አድራሻ ይሰጣል። በአንደኛው አቅራቢ አድራሻ የተጻፈ ፓኬት ተሳስቶ በሁለተኛው አቅራቢ በኩል ሲወጣ፣ ሁለተኛው አቅራቢ «ይህ የእኔ ደንበኛ አድራሻ አይደለም» ብሎ ሊጥለው ይችላል። በአንድ ኬላ የተቆረጠ ደረሰኝ ይዞ በሌላ ኬላ ለማለፍ እንደመሞከር ነው። አንዳንዱ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ አይከፈትም የሚባለው ግራ የሚያጋባ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

«ከየት መጣህ?» የሚል ተቆጣጣሪ

መፍትሔው ተቆጣጣሪው ከመድረሻው በፊት መነሻውን እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። «ከቢሮ የመጣ በነቀምቴ፣ ከሻይ ቤት የመጣ በጅማ» እንደማለት ነው። ሊኑክስ የተባለው በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ይህን ችሎታ ያካተተው 2.2 የተሰኘው እትሙ ከወጣበት ከጥር 1991 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በመሆኑም ለዚህ ሥራ ውድ ዕቃ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ከአገልግሎት የወጣ ኮምፒዩተር ሊሠራው ይችላል። ሚክሮቲክን የመሳሰሉ አነስተኛ ራውተሮችም በራሳቸው አሠራር ይህንኑ ያከናውናሉ።

በሊኑክስ ውስጥ ከአንድ በላይ የመንገድ ሰንጠረዥ መያዝ ይቻላል። የትኛው ፓኬት የትኛውን ሰንጠረዥ ይመልከት የሚለውን የሚወስኑት ተራ ቁጥር ያላቸው ደንቦች ሲሆኑ፣ የሚነበቡትም ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ ነው። ሥርዓቱ ራሱ ይዟቸው የሚመጣ 3 ደንቦች አሉ። ቁጥር 0 የማሽኑን የራሱን አድራሻዎች፣ ቁጥር 32766 ዋናውን ሰንጠረዥ፣ ቁጥር 32767 ደግሞ የመጨረሻውን መጠባበቂያ ይመለከታሉ። ባለቤቱ የሚጨምራቸው ደንቦች ከ32766 ያነሰ ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። አለበለዚያ ዋናው ሰንጠረዥ ቀድሞ ይፈርድና አዲሱ ደንብ ሳይነበብ ይቀራል።

ሥራው በቅደም ተከተል ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል።

1ኛ. በሮቹን መለየት። ኮምፒዩተሩ 4 የኔትወርክ በሮች ያስፈልጉታል፤ ሁለቱ ወደ አቅራቢዎች፣ ሁለቱ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ቢሮውና ወደ እንግዶች። በሮቹ ካነሱ ተጨማሪ ካርድ ማስገባት ወይም አንዱን ገመድ ለብዙ ኔትወርክ የሚከፋፍል ስዊች መጠቀም ይቻላል። ሁለቱን ኔትወርኮች በአንድ ተራ ስዊች ላይ ሰክቶ ተለያዩ ማለት ግን ራስን ማታለል ነው።

2ኛ. አድራሻ ማደል። ለቢሮው 192.168.10፣ ለእንግዶች 192.168.20 ብለው የሚጀምሩ አድራሻዎች ቢሰጡ እንበል። ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የሁለቱ አቅራቢዎች ሞደሞች ተመሳሳይ አድራሻ ይዘው አለመምጣታቸው ነው። ብዙ ሞደሞች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.1.1 የሚል አድራሻ ስለሚሰጣቸው፣ ሁለቱ ከተገጣጠሙ ማሽኑ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። የአንዱን መለወጥ የግድ ነው።

3ኛ. ሁለት ሰንጠረዥ ማዘጋጀት። አንዱ 100፣ ሌላው 200 የሚል ቁጥር ቢሰጣቸው፣ በ100 ውስጥ የመጀመሪያው አቅራቢ ጌትዌይ፣ በ200 ውስጥ የሁለተኛው ይጻፋል። ብዙ ባለሙያ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ሰንጠረዥ ውስጥ ወደ ውስጥ ኔትወርኮች የሚወስደው መንገድም አብሮ መጻፍ አለበት። አለበለዚያ ኢንተርኔቱ ይሠራና፣ ማሽኑ ለቢሮው የሚልከው መልስ ሁሉ ወደ አቅራቢው ሊሸሽ ይችላል። ማተሚያው በሌላ ኔትወርክ ላይ ከሆነም የሒሳብ ሠራተኛው የላከው ደረሰኝ ከክፍል ወደ ክፍል በመሄድ ፈንታ ወደ ውጭ ወጥቶ ይጠፋል።

4ኛ. ደንቦቹን መጻፍ። «ከ192.168.10 የመጣ 100ን ይመልከት፣ ከ192.168.20 የመጣ 200ን ይመልከት» የሚሉ ሁለት ደንቦች ዋናዎቹ ናቸው። ማሽኑ ራሱ የሚልካቸው ፓኬቶችም እንዳይረሱ፣ ከመጀመሪያው አቅራቢ በተገኘው አድራሻ የወጣ በ100፣ ከሁለተኛው በተገኘው የወጣ በ200 እንዲሄድ ሁለት ደንቦች ይጨመራሉ። የኬላው ችግር የሚፈታው በእነዚህ ነው።

5ኛ. አድራሻ መለወጥ። በ192.168 የሚጀምር አድራሻ በውጭው ዓለም ስለማይታወቅ፣ ማሽኑ በሚወጣበት በር ላይ በአቅራቢው አድራሻ ይተካዋል። ይህ ሥራ በሁለቱም የመውጫ በሮች ላይ ለየብቻ መታዘዝ አለበት።

6ኛ. የመልስ ጥርጣሬን ማላላት። ሊኑክስ አንድ ፓኬት በገባበት በር መልሱ የማይወጣ ከመሰለው «የተጭበረበረ ነው» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ይህ መቆጣጠሪያ በ1 ላይ ሲሆን ጥብቅ፣ በ2 ላይ ሲሆን ላላ ያለ ነው። ሁለት አቅራቢ ባለበት ቤት በመውጫ በሮቹ ላይ 2 ማድረግ ይመረጣል።

7ኛ. ግንብ መሥራት። መንገድ መለየት ማለት አጥር ማጠር ማለት አይደለም። ፋየርዎሉ ከእንግዶች ኔትወርክ ወደ ቢሮው የሚደረግ ማንኛውንም ጉዞ እንዲከለክል በግልጽ መታዘዝ አለበት። ይህ ካልተደረገ ክፍል የተከራየ መንገደኛ በስልኩ የቢሮውን ኮምፒዩተር ሊያንኳኳ ይችላል።

ከዚህ ሌላ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት መታሰብ አለበት። አንዳንድ አቅራቢዎች ይህን አገልግሎት ለራሳቸው ደንበኛ ብቻ ስለሚሰጡ፣ ቢሮው የመጀመሪያውን፣ እንግዶቹ የሁለተኛውን ቢጠቀሙ ከችግር ይድናል።

ፈተናው ቀላል ነው። በየኔትወርኩ አንድ ስልክ ይዞ በመቀመጥ በውጭ የሚታየውን አድራሻ መመልከት ይበቃል። ሁለቱ ስልኮች የተለያየ አድራሻ ካሳዩ ደንቡ ይሠራል። ቀጥሎ የአንዱን አቅራቢ ገመድ ነቅሎ ማን እንደቆመና ማን እንዳልቆመ ማየት ነው።

ከመቀላቀል መለየት

«ሁለቱን መስመር አደባልቆ ለሁሉም ማከፋፈል አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ለቪዲዮ ተመልካች ሊሻል ይችላል፤ ለባንክ ሥራ ግን አይመከርም። አንድ ደንበኛ በደቂቃዎች ልዩነት ከሁለት የተለያዩ አድራሻዎች የመጣ ሲመስል፣ የባንኩ ሥርዓት ተጠራጥሮ ከገጹ ሊያስወጣው ይችላል። የቢሮው ሥራ ሁልጊዜ በአንድ በር ቢወጣ መረጋጋት ያገኛል።

የየትኛውን ኔትወርክ በየትኛው መስመር የሚለውም መታሰብ አለበት። የሞባይል መስመር ብዙውን ጊዜ አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ስለሚያጋራ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ለመግባት አያመችም። ነጋዴው አዲስ አበባ ሆኖ የመጋዘኑን ካሜራ ማየት ከፈለገ ካሜራው በገመዱ መስመር ላይ ቢሆን ይቀለዋል።

አንዱ ባላ ሲሰበር

ሁለቱን መለየት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ አንዱ ሲቋረጥ ወደ ሌላው መሻገር ነው። የሞደሙ መብራት በርቶ ኢንተርኔቱ የሚሞትበት ጊዜ ብዙ በመሆኑ፣ ማሽኑ ሞደሙን ሳይሆን ከአቅራቢው ባሻገር ያለ አንድ አድራሻ በየጥቂት ሰከንዱ እንዲጠይቅ ይደረጋል። 3 ጊዜ በተከታታይ መልስ ከጠፋ በ100 ሰንጠረዥ ውስጥ ያለው ጌትዌይ በሁለተኛው አቅራቢ ይተካል። መስመሩ ሲመለስም ወዲያውኑ ከመዝለል ለጥቂት ደቂቃዎች መጽናቱን ማረጋገጥ ይሻላል፤ ካልሆነ ሥራው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ይውላል። በሽግግሩ ጊዜ የተከፈተ የባንክ ገጽ እንደሚቋረጥና እንደገና መግባት እንደሚያስፈልግ ለሠራተኞች አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው።

ቅድሚያ ለማን የሚለው ጥያቄ ቴክኒካዊ ሳይሆን የንግድ ጥያቄ ነው። የቢሮው መስመር ሲቋረጥ ቢሮው ወደ እንግዶች መስመር ይሻገራል፣ የእንግዶቹ ፍጥነት ለጊዜው ይቀነሳል። የእንግዶቹ ሲቋረጥ ግን እንግዶች ወደ ቢሮው መስመር አይገቡም። ምክንያቱም የአንድ ሰዓት ዋጋ ለሁለቱ እኩል አይደለም።

ሒሳቡ ምን ይላል?

የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። የማቋቋሚያው ወጪ 18 ሺህ ብር ሆኖ በ36 ወር ቢካፈል በወር 500 ብር ይደርሳል። የሁለተኛው መስመር ወርሃዊ ክፍያ 2,500 ብር ቢሆን ጠቅላላው 3,000 ብር ነው። ቢሮው በቆመ ቁጥር በሰዓት 400 ብር የሚያጣ ከሆነ፣ ሁለተኛው መስመር ወጪውን የሚመልሰው በወር ቢያንስ 7 ሰዓት ተኩል ሲያተርፍ ነው።

ቢሮው በወር 200 ሰዓት ይሠራል፣ እያንዳንዱ መስመርም ከ100 ሰዓት 5ቱን ይቋረጣል እንበል። በአንድ መስመር ብቻ የሚሠራ ቢሮ በወር 10 ሰዓት ይቆማል። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ምክንያት ፈጽሞ የተለያየ ከሆነ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚጠፉት ከ400 ሰዓት 1ዱን፣ ማለትም በወር ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ትርፉ 9 ሰዓት ተኩል፣ በገንዘብ 3,800 ብር ይሆናል። አዋጭ ነው።

ነገር ግን ከእያንዳንዱ 5 የመቋረጥ ሰዓት 4ቱ ከጋራ ምክንያት የሚመጡ ቢሆኑስ? ሁለት መስመር እያለም ቢሮው በወር 8 ሰዓት ያህል ይቆማል። የሚተርፈው ወደ 2 ሰዓት የሚጠጋ፣ ማለትም 800 ብር ብቻ ነው። 800 ለማትረፍ 3,000 ማውጣት ኪሳራ ነው።

የጋራ ምክንያት የሚባሉት በርካታ ናቸው። የመጀመሪያው መብራት ነው። የቤቱ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ሞደሞችና ኮምፒዩተሩ አብረው ይጠፋሉ። ሁለተኛው ወደ መሐል አገር የሚወስደው ዋና መስመር ነው። አቅራቢዎች ማማና የፋይበር መስመር ሊጋሩ ወይም ሊከራዩ ስለሚችሉ፣ ሁለት ደረሰኝ መክፈል ሁልጊዜ ሁለት መንገድ መያዝ ማለት አይደለም። ከበደሌ ወዲያ ሁለት መንገድ ቢኖርም በመቱና በበደሌ መካከል አንድ ድልድይ ቢሰበር የሁለቱም ጥቅም እንደሚቀር ማለት ነው። ሦስተኛው በትእዛዝ የሚመጣ መቋረጥ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ እንደታየው፣ እንዲህ ያለውን ሁለተኛ ባላ አይደግፈውም፤ ትእዛዙ ለሁሉም አቅራቢ ይደርሳልና።

አራተኛው ምክንያት ራሱ ኮምፒዩተሩ ነው። ሁለት መስመር በአንድ ማሽን ሲያልፍ፣ የማሽኑ መበላሸት ሁለቱንም ያቆማል። ስለዚህ ደንቦቹና ሰንጠረዦቹ በወረቀት ተጽፈው መቀመጥ፣ ማሽኑ ሲወድቅም ሠራተኛው የቢሮውን ገመድ በቀጥታ ወደ ሞደሙ መሰካት እንዲችል አስቀድሞ መማር አለበት። አዋቃሪው ባለሙያ ከተማውን ሲለቅ እውቀቱን ይዞ ከሄደ ነጋዴው የገዛው መፍትሔ ሳይሆን ጥገኝነት ነው።

ለማን ይበጃል፣ ለማንስ አይበጅም?

በጎሬ፣ በአልጌ፣ በቡሬ ወይም በሁሩሙ ያለ፣ ሽያጩን በጥሬ ገንዘብና በቴሌብር የሚያካሂድ አነስተኛ ሱቅ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ለቀረው ስልክ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ሲም ካርድ ይበቃል። አዋጭነቱ የሚታየው ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ በአንድ ጣሪያ ሥር ላላቸው ሆቴሎች፣ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛዎች፣ ክሊኒኮች፣ እንዲሁም ከላኪና ከባንክ ጋር ቀኑን ሙሉ ለሚጻጻፉ የቡና አቅራቢዎች ነው። ጫካው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው በያዮ አካባቢ ቡናቸውን ከነመነሻው ለገዢ ማሳየት የሚፈልጉ ማኅበራትም ፎቶግራፍና ሰነድ በጊዜው መላክ ስለሚኖርባቸው ከዚሁ ረድፍ ይገባሉ።

ከግዢው በፊት ግን አንድ ደብተር ይቅደም። ለ30 ቀን ያህል መስመር በተቋረጠ ቁጥር ቀኑ፣ የጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ በዚያን ጊዜ መብራት መኖር አለመኖሩና የሌላው አቅራቢ ሲም ካርድ በስልክ ላይ መሥራት አለመሥራቱ ይመዝገብ። ብዙው መቋረጥ ከመብራት ጋር የመጣ ከሆነ ቀድሞ መገዛት ያለበት ባትሪና ኢንቨርተር ነው። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይሠራ ከነበረና የተረፈው ሰዓት ወጪውን የሚመልስ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ባላ መትከል ተገቢ ይሆናል።